አልፋ ጂቲቪ፣ ላንቻ ፉልቪያ ወይስ ፊያት 124 ኩፔ? የድሮ የጣሊያን ኩፔ ለመግዛት ላሰበ

የድሮ የጣሊያን ኩፔ (ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና) ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ፌራሪ ያያል። ዋጋውን ሲያይ ደግሞ ቀስ ብሎ ገጹን ይዘጋል። እውነተኛው ምርጫ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ከ1960ዎቹ ጣሊያን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቀሩልን፣ ደመወዝተኛ ሰው ቆጥቦ ሊደርስባቸው የሚችል ሦስት ቆንጆ መኪኖች አሉ፦ የአልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ጂቲ፣ ብዙ ሰው በጅምላ ጂቲቪ የሚለው፣ ላንቻ ፉልቪያ ኩፔ፣ እና ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ። ሦስቱም አራት ሲሊንደር ናቸው። ክብደታቸው አንድ ቶን አካባቢ ነው። ብዙ መኪና የኋላ ጎማው ላይ ገና ታምቡር ፍሬን ይዞ በሚዞርበት ዘመን ሦስቱም በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበራቸው።

መልሱን ብቻ ለምትፈልጉ፦ እኔ ብሆን ፉልቪያ እገዛለሁ። አልፋው ይበልጥ ያምራል፣ እሱን አልክድም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ይሄ ለጊዜው ምኞት ብቻ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። አውሮፓና አሜሪካ ላላችሁ ግን እድሜያቸው ራሱ ይጠቅማችኋል። አሜሪካ 25 ዓመት ያለፈውን መኪና የደህንነት ደንቡን ሳታስጨንቅ ታስገባለች። ጀርመን ደግሞ 30 ዓመት ለሞላውና እንደ ድሮው ለተያዘ መኪና ታሪካዊነቱን የሚያሳይ የ«ኤች» ታርጋ ትሰጣለች።

አልፋውን የሳለው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ያኔ ቤርቶኔ በሚባለው የመኪና ዲዛይን ቤት ይሠራ ነበር፣ መኪናው በ1963 ሲወጣ እድሜው ገና 25። ከጎን ሆናችሁ እዩት። ከፊት መብራቱ የሚነሳ አንድ መስመር አለ፣ ከመስኮቱ በታች ሳይቆረጥ ሄዶ ሄዶ ጭራው ላይ ያልቃል። ጣራው ወደ ኋላ ሲወርድ የትም ቦታ አይሰበርም። ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ክሮሙን ሁሉ ብታነሱለት እንኳ ቅርጹ ምንም አይጎድልበትም፣ ለኔ የጥሩ ዲዛይን መለኪያው ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላይ የኮፈኑ ጫፍ ከአፍንጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ልክ እንደ ደረጃ ይቀመጣል። 1750 የሚባለው ሞዴል ሲመጣ ያቺ ደረጃ ጠፋች፣ ሁለቱ የፊት መብራቶችም አራት ሆኑ። ሰብሳቢዎች ለደረጃዋ ጥሩ ገንዘብ ይከፍላሉ። እኔ አልከፍልም፤ የ1750ው ፊት ረጋ ያለ ነው፣ ሞተሩም ለዛሬ መንገድ ይበልጥ ይበቃል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት ከላይ፣ በካቴና የሚዞሩ። ከ1300 ጁኒየር ጀምሮ በ1971 እስከወጣው፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት እስካለው 2000 ጂቲቪ ድረስ ባህሪው አንድ ነው፦ ከፍ ባለ ዙር ሲሄድ ይዘፍናል። አምስት ማርሽ አለው። ድክመቱም የታወቀ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲንክሮው (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚያደርገው) ቶሎ ያልቃል፣ በተለይ ካምቢዮው ሳይሞቅ በጉልበት ለሚያስገቡ ሰዎች። 2000ው ላይ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ያስቸግራል። አሜሪካ የተሸጡት በ1969 አካባቢ ካርቡሬተራቸውን ትተው ስፒካ የሚባል ሜካኒካል ኢንጀክሽን ይዘዋል፤ ብዙ መካኒክ ነቅሎ ዌበር ካርቡሬተር ይተክልበታል፣ ግን በሚያውቅ ሰው ከተስተካከለ ስፒካው ራሱ በደንብ ይሠራል። ይሄ ሁሉ ይጠገናል። ለአልፋው የማይገኝ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፣ የላሜራ ክፍሎቹ ሳይቀሩ በአዲስ ይመረታሉ።

ችግሩ ዋጋው ነው። ሁሉም ሰው ይፈልገዋል፣ ሻጩም ያውቃል። ጥሩ የተያዘ 2000 ጂቲቪ በሚገዛበት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ጥሩ ፉልቪያ ገዝታችሁ ለጥገናውም ለነዳጁም ይተርፋችኋል።

ወደ ፉልቪያ ስመጣ ብዕሬ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። በ1965 ወጣ። የሳለው የላንቻ የራሱ ሰው ፒየሮ ካስታኜሮ ነው፣ ስሙ ከጁጃሮ አጠገብ ብዙም አይጠራም፣ ያሳዝናል። አልፋው ጡንቻ ያለው መኪና ነው፣ ፉልቪያው ደግሞ ቀጭን። የጣራው ምሰሶዎች ከመቅጠናቸው የተነሳ ጣራው መስታወቱ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ በየአቅጣጫው ብርሃን ነው፣ ከኋላ የሚመጣውን ለማየት አንገት ማጣመም የለም። የኋላው ኮፈን ጠፍጣፋና ረጅም። ዳሽቦርዱ እንጨት። በሩን ስትዘጉ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ላንቻ በዚያን ጊዜ ስለ ትርፍ እምብዛም እንደማይጨነቅ ይነግራችኋል፣ እውነትም ድርጅቱ ከስሮ በ1969 ፊያት እጅ ገባ።

ከቆዳው ስር ያለው ይበልጥ ያስገርማል። ሞተሩ ቪ4 ነው፣ አራቱ ሲሊንደሮች በቪ ቅርጽ የተደረደሩበት፣ ግን የቪው ማዕዘን 13 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ አራቱም ሲሊንደሮች በአንድ ቴስታታ ስር ይገባሉ። ሞተሩ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሎ ከፊት ጎማዎቹ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ጉልበቱም ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ይሄ ለስፖርት መኪና የሚሆን አይመስልም። ግን በ1972 ሹፌሩ ሳንድሮ ሙናሪ 1.6 ኤች ኤፍ በሚባለው የውድድር ፉልቪያ የሞንቴ ካርሎ ራሊን ፖርሽና አልፒን ፊት አሸነፈ፣ ላንቻም የዚያን ዓመት የአምራቾች ሻምፒዮና ወሰደ። እርጥብና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አልፋው ጭራው መንሸራተት ሲጀምር ፉልቪያው መንገዱን ይዞ ይሄዳል። መሪው ዝግ ባለ ፍጥነት ይከብዳል፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ክንዳችሁን ታሠሩታላችሁ። ሲፈጥን ግን ይቀላል።

የቱን ፉልቪያ? 1.6 ኤች ኤፍ እርሱት፣ ዋጋው ሌላ ዓለም ነው፣ ከ1.3 ተሠርቶ ኤች ኤፍ ነኝ የሚልም አይጠፋም። ከ1970 በኋላ የመጣውን ሁለተኛ ሲሪዝ 1.3 ኤስ ፈልጉ። 90 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ። ፍሬኑም ጊርሊንግ የሚባለው ፋብሪካ ሥራ ነው፣ የመጀመሪያው ሲሪዝ ግን ደንሎፕ ፍሬን ስላለው ዕቃው ይበልጥ ያስቸግራል። የፉልቪያ ትልቁ ጣጣ መካኒክ ነው። ይሄን ሞተር በደንብ የሚያውቅ ሰው በየከተማው የለም፣ ሲፈታ ደግሞ ከአልፋው ይበልጥ ያስወጣል። ስለዚህ መኪናውን ከማግኘታችሁ በፊት መካኒኩን አግኙ።

ፊያቱ በ1967 የወጣ ነው፣ የተሳለው ፊያት የራሱ ዲዛይን ክፍል ውስጥ፣ በማሪዮ ቦአኖ እጅ። ቆንጆ ነው፣ ግን እንደ ሌሎቹ ሁለቱ ቆማችሁ አታፈጡበትም። በሱ ፋንታ ይጠቅማል። ኋላ ወንበሩ ላይ ሰው በእውነት ይቀመጣል፣ ሻንጣም ይይዛል። ሞተሩን የሠራው ቀድሞ ፌራሪ ቤት የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ይኸው የሞተር ቤተሰብ ኋላ የራሊ ሻምፒዮኑን ላንቻ ዴልታ ኢንቴግራሌን ሁሉ አንቀሳቅሷል። 1438 ሲሲ ሆኖ ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ 1756 ደረሰ። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ችንጋ ነው፣ ሻጩ «ባለፈው ዓመት ቀይሬዋለሁ» ቢልም ደረሰኝ ካላሳያችሁ በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት። ጣራው የሚከፈተው ወንድሙ 124 ስፓይደር እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ስለተመረተ የሞተርና የእግር ዕቃ ሞልቷል። የኩፔው የውጭ ላሜራ ግን ከስፓይደሩ አይገጥምም፣ ፓራፋንጎ ወይም በር ፍለጋ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከሦስቱ መልኮቹ የመጀመሪያውን፣ ሁለት ክብ መብራት ያለውን ነው የምወደው።

አሁን ወደ ዝገቱ። የሦስቱም ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ሞተር ያለቀበት ግን ላሜራው ደረቅ የሆነ መኪና፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት እየሠራ ስሩ ከበሰበሰው ይሻላል፣ ምክንያቱም ሞተር አንዴ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ፣ ብየዳ ግን በከፈታችሁት ቁጥር ሌላ ቀዳዳ ያሳያችኋል። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ካልያዘ ቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው (እንደ ፉልቪያ ኤች ኤፍና ጂቲኤ እንደሚባለው የአልፋ የውድድር ሞዴል አሉሚኒየም ካልሆነ)። አልፋው ላይ በበሩ ስር ያለው ሳጥን በድርብርብ ላሜራ የተሠራ ስለሆነ ከውጭ ጥሩ መስሎ ከውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል፣ የቅያሪ ጎማው ማስቀመጫም ውሃ ይይዛል። ፉልቪያው ላይ ሞተሩንና የፊት እግሩን የተሸከመው ሰብፍሬም ከቦዲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ እዩ፣ እዚያ ከዘገ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትን። ፊያቱ ላይ የፊት ሾክ የሚታሰርበት ጉልላት፣ ወለሉ፣ የፓራፋንጎው ውስጥ። እውነቱን ለመናገር ፊያቱ ላይ ሁሉንም እዩ።

ቅዳሜና እሁድ ብቻ አውጥታችሁ ልትነዱት፣ ነገ ልትሸጡት ብትፈልጉም ገንዘባችሁ እንዳይጠፋ ካሰባችሁ አልፋውን ውሰዱ፣ 1750 ቢሆን ደስ ይለኛል። ልጆች ካሏችሁና ቤተሰቡ ሁሉ እንዲደሰትበት ከፈለጋችሁ ፊያቱን፣ ያልዘገ እስክታገኙ ከታገሳችሁ። ቆሞም እየሄደም የሚያስደስት፣ የትም ስታቆሙት «ይሄ ምንድነው?» የሚያስብል ከፈለጋችሁ ፉልቪያው አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የአልፋ፣ የላንቻም የፊያትም ታሪካዊ ክፍል መኪናው መቼ፣ በምን ሞተርና በምን ቀለም እንደተሠራ የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት በክፍያ ይሰጣል፣ ለውድ ሞዴሎች ይሄን ሳታዩ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አታስገቡ። መኪናው በሊፍት ተነስቶ ስሩ ይታይ በሉ። ሻጩ ጊዜ የለኝም፣ ሊፍት የለም፣ ፎቶው ይበቃል ካለ አመስግናችሁ ውጡ፤ ሌላ ፉልቪያ ይመጣል።