ለጥንዚዛ ብዬ የገዛሁት የስልክ ሌንስ

ባለፈው ጥቅምት ነው የገዛሁት። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማክሮ ሌንስ (ጥቃቅን ነገር ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ) ነው፣ 18 ዶላር። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ ሲጀማምር፣ ፀሐይ ወጣ ባለበት ቀን ሌዲበግ የሚሏቸው ቀያይ ባለነጥብ ጥንዚዛዎች ግድግዳውን ይወሩታል፣ ከዚያ በመስኮቱ ክፍተት ሰተት ብለው ቤት ይገባሉ። ልጄ አንዷን ጣቷ ላይ አስቀምጣ ነጥቦቿን ቆጠረችና «እማዬ፣ 19 ዓመቷ ነው!» አለችኝ። ነጥብ ዕድሜ እንደማይናገር አውቃለሁ። ምን ዓይነት እንደሆነች ግን አላውቅም፤ በባዶው ስልክ ባነሳት ባነሳት ቀይ ጭጋግ ብቻ።

ሌንሱን መጀመሪያ ልመልሰው ነበር። ሰክቼው ስጠጋ ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ የራሱ የሌንሱ ጥቁር ጠርዝ ነው። ሁለት ቀን ስሰድበው ከረምኩ፤ ለካ ጥፋቱ የስልኬ ነው። ብዙ ካሜራ ያላቸው አንዳንድ ስልኮች ወደ ዕቃው ስትጠጉ ሳይጠይቋችሁ ወደ ሌላኛው ካሜራ ይዘላሉ፣ ሌንሱ የተሰካው ደግሞ ዋናው ላይ ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ አውቶማቲክ ማክሮውን አጥፉት። ካርቶኑ ላይ ይህቺን አንድ መስመር ቢጽፏት ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላማ ሌላ ዓለም ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትጠጉ 7 ሚሊ ሜትር የማትሞላው ጥንዚዛ ስክሪኑን ትሞላዋለች። ችግሩ ጥርት የሚለው ቦታ ስስ ነው፤ ጀርባዋ ሲጠራ ጭንቅላቷ ይደበዝዛል። ስክሪኑን እየነካችሁ ፎከስ ለማድረግ አትልፉ። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ ስልኩን ራሱን ቀስ እያላችሁ ወደፊት ወደኋላ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። እኔ ከ40 ፎቶ የተረፈኝ 3 ነው። ፍላሽ ደግሞ በፍጹም፤ ጀርባዋ እንደተወለወለ ጫማ ስለሚያብረቀርቅ የሌለ ነጥብ ይጨምርላታል። መስኮት አጠገብ ሆናችሁ በብርሃኑና በእሷ መሀል ነጭ ሶፍት ብትይዙ ይበቃል።

አትቀመጥም እንጂ! የቡና ሲኒ ደፋሁባት። ቆይቼ ሳነሳው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ደንገጥ ብላ ትቆማለች፣ ያኔ ነው ፎቶ ማንሳት። ካስጨነቃችኋት ከእግሯ መገጣጠሚያ ቢጫ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ይሸታል፣ ጨርቅም ያበላሻል። ነጩ መጋረጃዬ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁላችንም ነጥብ እንቆጥራለን፣ ማንነቷን የሚናገረው ግን በጭንቅላቷና በክንፎቿ መሀል ያለው ሰሌዳ ነው። ነጭ ሆኖ በጥቁር የእንግሊዝኛው ኤም ከተጻፈበት (ዞራችሁ ስታዩት ደብልዩ ይሆናል) የእስያ ሌዲበግ ናት፣ በሳይንሱ ስም ሃርሞኒያ አክሲሪዲስ። ባለ ሰባት ነጥብ የምትባለው ሌላዋ ዓይነት እዚያ ቦታ ጥቁር ናት፣ ሁለት ጥጓ ላይ ብቻ ነጭ አላት፤ እግሯም ጥቁር ነው፣ የእስያዋ ግን ቡናማ። በቀለም ከሄዳችሁ የእስያዋ ታሳስታችኋለች፤ ብርቱካንማ አለች፣ ደማቅ ቀይ አለች፣ ጭራሽ ነጥብ የሌላትም አለች። እንደኛው መጤ ናት። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) እንድትበላ ብለው በ1916 ካሊፎርኒያ ለቀቋት፣ ተደላድላ መኖሯ የታወቀው ግን በ1988 ሉዊዚያና ውስጥ ነው። ወረቀቷን ለማግኘት ከኔም በላይ ቆይታለች።

ሰሌዳዋ ጥርት ብሎ የወጣበትን ፎቶ አይናቹራሊስት የሚባለው ነጻ አፕ ላይ ስጭነው ስሟን ወዲያው አመጣልኝ፣ በማግስቱ እዚያው አፑ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች አረጋገጡልኝ። ልጄ ግን አሁንም 19 ዓመቷ ነው ባይ ናት።

ሌንሱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብዥ ይላል፣ ወፍራም ከቨር ላይም አይገባም። መቆንጠጫው ውስጥ ያለው ጎማ በሦስተኛው ወር ተላቀቀ። ለሻጩ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ከ5 ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ጎማውን በሱፐር ግሉ አጣብቄዋለሁ፣ እስካሁን ይዟል።