«ዓለምን አትውደዱ»ን የሚያብራራ የድምፅ ትምህርት፦ የአንድ አድማጭ ግምገማ

የክርስቲያንን ማንነትና የዓለምን ፍቅር የሚመለከተውን ይህን ተከታታይ የድምፅ ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጬዋለሁ። ትልቁ ብርታቱ ማንነትን ከትእዛዝ ማስቀደሙ ነው፤ ሐዋርያው ዮሐንስ በ1ኛ መልእክቱ 2፥15 «ዓለምን አትውደዱ» ከማለቱ በፊት፣ ከቁጥር 12 ጀምሮ አንባቢዎቹን ኃጢአታቸው የተሰረየላቸውና አብን ያወቁ መሆናቸውን እንደሚያስታውሳቸው መምህሩ ሳይቸኩል ያሳያል። በዮሐንስ ወንጌል 3፥16 እግዚአብሔር የወደደው ዓለምና እኛ እንዳንወደው የተነገረን ዓለም በግሪክኛው አንድ ቃል፣ «ኮስሞስ»፣ ቢሆኑም፣ የመጀመሪያው ሰዎችን፣ ሁለተኛው ግን እግዚአብሔርን የሚቃወመውን የምኞትና የትምክህት ሥርዓት እንደሚያመለክት የተሰጠው ማብራሪያ ለብዙ ጊዜ ያደናገረኝን ጥያቄ ፈትቶልኛል።

የዴማስ ታሪክም በሚገባ ተነግሯል፤ በፊልሞና 24 የጳውሎስ የሥራ ባልደረባ ሆኖ የተጠቀሰው ሰው፣ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 የአሁኑን ዓለም ወዶ እንደሄደ እናነባለን።

ቅር ያሰኘኝ የሥጋ ምኞትን፣ የዓይን አምሮትንና ትምክህትን የሚጠቅሰው የ1ኛ ዮሐንስ 2 ቁጥር 16 ትንታኔ ነው። የዓይን አምሮት በልብስና በመዝናኛ ብቻ ተወስኖ ቀርቷል፤ ትምክህት ደግሞ፣ በተለይ በአገልግሎት ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረው (እኔን የሚፈትነኝም እርሱ ነው)፣ ሳይነካ ታልፏል። ዮሐንስ 17፥15 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ከዓለም እንዲወጡ እንዳልለመነ አለመነሳቱም አንዳንዱን አድማጭ ወደ መገለል ሊገፋ ይችላል። የድምፁ ጥራት መልካም ነው። ለጀማሪዎች እመክረዋለሁ፤ የቁጥር 16ን ክፍል ግን ከሌሎች ጋር እየተወያዩ ቢያዳምጡት ይሻላል።