ማስተርስ በግብርና፦ ጎጃም ላለ ሰው ሰብል፣ አፈር፣ እንስሳት ወይስ ኢኮኖሚክስ?

ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ማስተርስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ የትምህርት ክፍሉ ይቅደም ባይ ነኝ። ኮርሱን በመደበኛ የሚማር ሰው በአንድ ዓመት ገደማ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ የሚመጣው የመመረቂያ ጥናቱ ላይ ነው። ጥናቱ ክረምት የሚጠብቅ ከሆነና ክረምቱ ካመለጠ፣ «ሁለት ዓመት» የተባለው ሦስት ይሆናል።

ሰብል ላይ ይሄ ነገር በደንብ ይታያል። የጎጃም እርሻ በአብዛኛው ዝናብ ጠባቂ ነው። በቆሎው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይዘራል፣ ጤፉ ሐምሌ ላይ። ፕሮፖዛሉ ሐምሌ ካለፈ በኋላ ከጸደቀ አለቀ፣ የሚቀጥለውን ሐምሌ መጠበቅ ነው። መውጫው መስኖ ነው። መራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራ ስለሆነ፣ በጋ ላይ ስንዴ ወይም ድንች ይዞ መሥራት ይቻላል። ሌላው ራስ ምታት ጥበቃ ነው። በሦስት ብሎክ (ሙከራው በሚደገምባቸው የማሳ ክፍሎች) የተዘራ ሙከራ ውስጥ የጎረቤት በሬ አንድ ሌሊት ካደረ፣ አንዱ ብሎክ ሄደ ማለት ነው። የዘበኛ ክፍያ በጀት ውስጥ ይግባ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጎጃም የሚያዋጣው አፈር ነው። ከአዊ ጀምሮ እስከ ጮቄ ግርጌ ድረስ ብዙው ደጋ አሲዳማ ነው። ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ፎስፈረሱም አፈር ውስጥ ይታሰራል። ገበሬው በውድ የገዛውን ማዳበሪያ ይበትናል፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም። ፋግታ ለኮማ ላይ ስንቱ ማሳውን ዲከረንስ ለሚባለው ቶሎ ለሚያድግ የግራር ዛፍ ሰጥቶ ከሰል ማክሰል የገባው ገበያው ስለሳበው ብቻ አይደለም፣ መሬቱም እህል እምቢ ስላለ ነው። እዚህ አካባቢ አሲዱን ለመቀነስ ለአንድ ማሳ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግ አስልቶ የሚነግር ባለሙያ ይፈለጋል።

የአፈር ጣጣው ላብራቶሪ ነው። ናሙና መውሰዱ አይከብድም። ማሳው ላይ ወዲህ ወዲያ እያሉ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከብዙ ቦታ መቆፈር፣ ባልዲ ውስጥ መደባለቅ፣ አንድ ኪሎ ያህል ማስቀረት፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት መንፋት። የሚያስለቅሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኬሚካል አልቋል፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወረፋ አለ። ክፍያውም በየናሙናው ስለሚታሰብ፣ ስንት ናሙና እንደምትወስዱ ሳትወስኑ ርዕስ አትምረጡ።

እንስሳት ክረምት አይጠብቅም። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ለጎጃም ሰው ደግሞ ዋሸራ በግ ደጁ ላይ ነው። የተለመደው የመኖ ሙከራ 15 ቀን ማላመጃና 90 ቀን ምገባ ነው። ጠዋት ድርቆሹንና የኑግ ፋጉሎውን መዝኖ መስጠት፣ በማግስቱ የተረፈውን መልሶ መዝኖ መመዝገብ። እሑድ የለም፣ በዓል የለም። ሥራ ላይ ሆኖ በቅዳሜና እሑድ ለሚማር ሰው ታማኝ ረዳት ከሌለው አይሞከርም። ብልጦቹ ሙከራው ፋሲካ ሲደርስ እንዲያልቅ አድርገው ያቅዳሉ። በጎቹ ይሸጣሉ፣ ከወጪው የተወሰነው ይመለሳል። ጥናቱ የሥጋ ምዘና ካለበት ግን በጎቹ ይታረዳሉ፣ ሒሳቡም ሌላ ነው።

ግብርና ኢኮኖሚክስ ቶሎ ያልቃል፣ ወጪውም ይቀላል። መጠይቅ፣ ስልክ ላይ የተጫነ የመረጃ መሰብሰቢያና ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ካለ ሥራው ይሄዳል። ከጥር በኋላ ገበሬው እፎይ ይላል። ደግሞ የሚካኤልና የማርያም ቀን ስለማያርስ ቤቱ ይገኛል። ነገር ግን ጸጥታ በሌለበት ጊዜ ወረቀት ይዞ «ስንት ቃዳ መሬት አለህ?» እያሉ መዞር ጥርጣሬ ያስነሳል፤ የአካባቢውን ሰው ሳይዙ አይሆንም። ተመራቂውም ብዙ ነው። የሚሠራውም ርዕስ አብዛኛው «ገበሬው ቴክኖሎጂ እንዳይቀበል ያደረጉ ምክንያቶች» ነው። ቀጣሪ ሰልችቶታል።

አሁን ወደ ቦታው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁ ዘንዘልማ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። ጉልበቱ ጎረቤቶቹ ናቸው። የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማ ነው፣ የአዴት ምርምር ማዕከል 42 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ደግሞ በጢስ ዓባይ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። ከተመራማሪ ጋር ተጠግቶ መሥራት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ከማቻክልና ከጎዛምን አሲዳማ አፈር፣ ከብቸና አካባቢም የጥቁር አፈር ጤፍ ጋር ይቀራረባል፤ ቡሬም ካምፓስ አለው፣ ያ ደግሞ የበቆሎ አገር ነው። የምሥራቅ ጎጃም ሠራተኛ ከሆናችሁ ማሳችሁ ከደጃችሁ አይርቅም፣ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሐረማያ ስሙም ልምዱም ከሁለቱ ይበልጣል፣ ድኅረ ምረቃ ማስተማር ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን እዚያ ተምሮ ማሳውን ጎጃም ላይ ማድረግ በኪሎ ሜትር የሚከፈል ዕዳ ነው። መሥሪያ ቤት ሙሉ ወጪውን ካልቻለላችሁ አልመክርም።

ባጭሩ ልምረጥላችሁ። ቀበሌ ላይ ያለ የልማት ሠራተኛ፣ ደመወዙን ሳይለቅ በቅዳሜና እሑድ የሚማር፦ ኢኮኖሚክስ። መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ሆኖት በመደበኛ የሚማር፦ አፈር። ምርምር ማዕከል መቀጠር የሚመኝ፦ ሰብል ወይም እንስሳት፣ ባሕር ዳር። ስፖንሰር ካለ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት፤ ተመልሶ የማገልገል ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነና ቢፈርስ ምን እንደሚከፈል እዚያ ነው ያለው።

ለመግቢያ ፈተናው ከመዘጋጀት ጎን ለጎን አንድ ቀን ወስዳችሁ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱ። ኃላፊውን ሳይሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉትን ተማሪዎች ጠይቁ፦ አማካሪያችሁ ስንት ተማሪ ይዟል? ረቂቃችሁን በስንት ጊዜ ይመልሳል? ናሙናችሁን የት አስመረመራችሁ?