የእርሳስ ማቅለጫ ድስቴ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ዲግሪ የማይናገር መዞሪያ

ከተበላሸው ዘጠኝ ኪሎ እርሳስ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጋራዡን ከፍቼ፣ ማራገቢያውን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ድስቱን ሞላሁት። የምሠራው አረር ነው። ለራሴ ሪቮልቨር፣ ለዒላማ ተኩስ ብቻ። እኔ የምኖርበት ቴክሳስ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። የተተኮሰ ቀለህ ይለቀማል፣ እርሳስ ይቀልጣል፣ ጥይቱ ቤት ውስጥ እንደገና ይሞላል። ያን ቀን ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር መልኩ ተለወጠብኝ። እንደ መስታወት ማብራት የነበረበት ፊቱ ጓጎለ። በማንኪያ ሳማስለው ያልበሰለ ገንፎ መሰለ። ፎርማው ውስጥ ሳፈሰው ጠርዙን አይሞላም። አረሩ ተጨማዶ ይወጣል። አንዱን መልሼ አፈሰስኩ፣ ሌላውንም፣ ሃያኛውንም። ያው ነው።

ዚንክ ገብቶበታል። ዚንክ አንዴ ቀልጦ ከእርሳስ ከተዋሃደ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ መለየት ለእኔ የሚሆን ሥራ አይደለም። የሁለት ወር ልፋቴ ነበር። ከዚያ ድስት ከ700 በላይ አረር ይወጣ ነበር።

ዚንኩ ከየት መጣ? ከጎማ ባላንስ። እርሳሴን የማገኘው ከአንድ ጎሚስታ ነው። ባለቤቱ ጎንደሬ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ከጎማ ላይ የሚነቀሉትን የባላንስ እርሳሶች በባልዲ ያጠራቅምልኛል። እኔም ቡና ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ባልዲውን ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ የዛሬ ጊዜ ባላንስ ሁሉ እርሳስ እንዳይመስልህ። ቀለሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ሌላ ነው።» እውነቱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆቹ በ2005 የእርሳስ ባላንስ ከልክሏል። እዚህ አሜሪካም ካሊፎርኒያ በ2010፣ ዋሽንግተን ግዛት በ2011 ተከተሉ። ስለዚህ አንድ ባልዲ ውስጥ እርሳስም፣ ብረትም፣ ዚንክም ተደባልቆ ይገኛል። የአንዳንዱ ጀርባ ላይ ዜድ-ኤን ተጽፏል፣ ያ ዚንክ ነው። ኤፍ-ኢ የተጻፈበት ብረት ነው። ግማሹ ላይ ግን ጽሑፉ ወይ ተፍቋል ወይ ከመጀመሪያውም የለም።

አንዳንድ ሰው «ማግኔት አስጠጋበት» ይላል። አይሠራም። ባላንሱን ጎማው ላይ የሚይዘው ቅንጥብ ራሱ ብረት ስለሆነ ማግኔት ሁሉንም ይስባል። የሚሠራው ፒንሳ ነው። በፒንሳው መቁረጫ ጠርዙን ስትነክሰው እርሳስ ከሆነ ይገባል፣ ዚንክ ከሆነ ያንሸራትታል። ሲሚንቶ ላይ ጣል ስታደርገውም ድምፁ ይለያል። እርሳስ «ዱብ» ይላል፣ ዚንክ ይጮኻል። እኔ ሁሉንም አንድ በአንድ ነክሻለሁ። ከሁለት ሺህ በላይ ባላንስ ስትነክስ ግን አንድ ሁለት ያመልጥሃል። ማንም ሰው ያመልጠዋል።

ቢያመልጥም ደግሞ ሌላ መዳኛ አለ። ድስቱን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው።

እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዚንክ በ419። በሁለቱ መካከል 92 ዲግሪ አለ። ሙቀቱን እዚያ መሐል፣ 370 አካባቢ ከያዝከው፣ ያመለጠችህ ዚንክ አትቀልጥም። ከእርሳስ ስለምትቀል ከብረት ቅንጥቦቹ ጋር ላይ ትንሳፈፋለች። በጭልፋ ገፈህ ትጥላታለህ፣ አለቀ። ሥራው በሙሉ የቆመው በዚያች 92 ዲግሪ ላይ ነው። አረር ማቅለጫ ብሎ የሚሸጥ ፋብሪካ ይህን አያውቅም ማለት አልችልም።

እና ድስቱ ላይ ያለው መዞሪያ ምን ይላል? ከ1 እስከ 10። በቃ። ዲግሪ የለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከ6 እስከ 7 አድርገህ ጀምር» የሚል ነው። 7 ስንት ነው? አይልም። እኔም ስድስት ወር ሙሉ በ7 ሠራሁ። ደህና ነበር፤ ዚንክ ስላልገባ ደህና መሰለኝ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቴርሞሜትር ገዝቼ ለካሁት። መዞሪያው 7 ላይ እንዳለ፣ ድስቱ ሙሉ ሲሆን 370። ግማሽ ሲደርስ 405። ሩብ ሲቀረው 440። እኔ መዞሪያውን አልነካሁትም። እርሳሱ ባነሰ ቁጥር ያው እሳት ትንሹን እርሳስ ያግለዋል፤ ውስጡ ያለው ቴርሞስታት ደግሞ እየዘገየ ነው የሚያጠፋው። ማለት፣ አፍስሼ አፍስሼ ወደ ታች ስደርስ፣ አዲስ ባላንስ የምጨምርበት ሰዓት፣ ድስቱ የዚንክን መቅለጫ አልፎ ይጠብቀኛል። ያመለጠችው ዚንክ እዚያ ውስጥ ነው የገባችው።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ለዚህ ዋጋ ሌላ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። ዋጋው ከ100 ዶላር ትንሽ አለፍ ይላል፣ ርካሽ ነው፣ እሺ። ግን እኔ የጠየቅኩት ወርቅ ቅብ አይደለም። ከ7 ጎን «370 ገደማ፣ ከሞላ ብቻ» የሚል ቃል ማተም ስንት ያስወጣል? «ልምድ ያለው ሰው ያውቀዋል» ይለኛል ደግሞ። ወንድሜ፣ ልምድ ያለው ሰው ይህን ድስት አይገዛም። የሚገዛው ጀማሪው ነው፤ ማስጠንቀቂያውም የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። «ቴርሞሜትር ለብቻው እንሸጣለን» ካልከኝ ደግሞ፣ ያለ ቴርሞሜትር የማይሠራ ዕቃ መሸጥህን ነገርከኝ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ደህና ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያቀልጣል። ከታች ያለው ቀዳዳ አንዳንዴ ያንጠባጥባል፣ በጠመዝማዛ መፍቻ ሲያዞሩት ይቆማል።

አንድ ነገር ግን ያስደሰተኝ አለ። እሱም ከድስቱ አይደለም፣ ከቅይጡ ነው። ስጀምር ሁሉም «ጠንካራ እርሳስ ፈልግ» ይሉኝ ነበር። የድሮ ማተሚያ ቤቶች ጋዜጣ ያትሙበት የነበረውን የፊደል ብረት በውድ የሚሸጡ አሉ። 84 ከመቶ እርሳስ፣ 12 ከመቶ አንቲሞኒ (እርሳስን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር)፣ 4 ከመቶ ቲን (ቆርቆሮ) ነው። በብሪኔል መለኪያ ጥንካሬው 22 ገደማ ይደርሳል፤ ንጹሕ እርሳስ 5 ነው። እኔ የምተኩሰው ግን .38 ስፔሻል ነው፣ ዝግ ያለ ጥይት። ለእሱ ያ ሁሉ ጥንካሬ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል። በጣም የጠነከረ አረር በዝቅተኛ ግፊት ሰፋ ብሎ አፈሙዙን አይዘጋም፤ የጋለው ጭስ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን አፈሙዙ ውስጥ ይለጥፈዋል። የጋሼ ቅንጥብ ባላንስ በተፈጥሮው 3 ከመቶ ገደማ አንቲሞኒ አለው፣ ጥንካሬውም ከ10 እስከ 12 ነው። በቂ ነው። የጎደለው ቲን ብቻ ነው። ቲን ሲጨመር ቅልጡ ፎርማውን ጥግ ድረስ ይሞላል።

ቲኑን ከየት እንዳገኘሁት ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ። እዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ የፒውተር ኩባያ አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የዛሬ ዘመን ፒውተር ከ90 ከመቶ በላይ ቲን ነው። አንድ ኩባያ በሦስት ዶላር ገዛሁ። ለ8 ኪሎ ባላንስ 160 ግራም ያህል እጨምራለሁ፣ ሁለት ከመቶ ማለት ነው። ከዚያ እፍኝ ደረቅ ሰጋቱራ በላዩ በትኜ አማስላለሁ። ሰጋቱራው ሲከስል የዛገውን ቲን ወደ ቅልጡ ይመልሰዋል፣ ቆሻሻውን ወደ ላይ ያወጣዋል። የመጀመሪያው አረር ከፎርማው ሲወርድ ጠርዙ ስለት መሰለ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ልጅ ሆነን «ቆራሌው!» ሲሉ እየሮጥን የሰጠነው ቁርጥራጭ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃና ጀበና ማስቀመጫ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ይሄም እንደዚያ ነው ያስደሰተኝ።

ጥንካሬውንም በእርሳስ ነው የምለካው፤ በሚጻፍበት እርሳስ። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ስም አላቸው። ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት ከለስላሳው እስከ ጠንካራው የተደረደረ ስብስብ አለ። ከለስላሳው ጀምሬ የቀዘቀዘውን ቅይጥ እጭራለሁ። መጀመሪያ የቧጠጠው እርሳስ ደረጃውን ይነግረኛል። ዚንክ የገባበትን ዘጠኝ ኪሎ ስጭረው ግን አንዱ ቦታ የሚሰጠኝ ደረጃ ከጎኑ ካለው ቦታ ጋር እንኳ አይገጥምም።

አያቴ ውጅግራ ነበራቸው፣ የፈረንሳዩን የ1874 ጠመንጃ። ያ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር የእርሳስ አረር ነበር የሚተኩሰው። እሳቸው ምን ያህል ሙቀት እንደሚበቃ በዓይን ያውቁት ይሆናል። እኔ በዓይን አላውቅም። በእሳቸው ዘመን ደግሞ እርሳስ መሐል የተሸሸገ የዚንክ ባላንስ አልነበረም።

ይህን አንብቦ መጀመር የሚያምረው ካለ፣ ሦስት ነገር በቁም ነገር እለምናለሁ። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን እርሳስ አትንኩት። የባትሪው የእርሳስ ሳህኖች ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝና አንቲሞኒ አለ፤ ቆሻሻው እርጥበት ሲያገኝ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ውሃ የነካው ባላንስ በቀለጠ እርሳስ ላይ አትጨምሩ። ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ እርሳሱን ፊት ላይ ይረጨዋል። እርጥቡን ሁልጊዜ ድስቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጨምሩ። ልጆች ያሉት ሰው ደግሞ የጋራዡን ልብስና ጫማ ቤት አያስገባ። እርሳስ ለልጅ ደህና የሚባል መጠን የለውም። እኔ ከጋራዥ ስወጣ ልብሴን እዚያው አወልቃለሁ፣ እጄን እስከ ክርን ታጥቤ ነው ልጄን የማቅፈው።

አሁን ወደ ድስቱ። ከለካሁት በኋላ ለብቻው የሚሸጥ የሙቀት መቆጣጠሪያ ገዛሁ። ሽቦው እርሳሱ ውስጥ ይገባል፣ 370 ብዬ ሞላሁት፣ ከአምስት ዲግሪ በላይ አይወዛወዝም። ባለፈው ወር ሁለት ዚንክ ባላንስ አምልጠውኝ ገብተዋል። ሁለቱም ላይ ተንሳፍፈው ተገፈፉ። ሳያቸው ከልቤ ነው እፎይ ያልኩት። መቆጣጠሪያው ግን የድስቱን ዋጋ ግማሽ በላ፤ ያ ገንዘብ መጀመሪያውኑ ድስቱ ውስጥ መሆን ነበረበት ብዬ አሁንም እከራከራለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የምትገዙ ከሆነ ግዙ። ድስቱን ብቻውን ግን አትግዙ። እኔ በድጋሚ ብጀምር ይህን አልገዛም፤ ይህን የምለው ተናድጄ ነው፣ ቢሆንም እውነት ነው።

ዘጠኝ ኪሎውን አልጣልኩትም። ጓደኛዬ ሬይ ሃባርድ በሚባለው ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ለመረቡ ክብደት ይሆነዋል ብሎ ወሰደው። መዞሪያው ላይ ደግሞ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ሰባቱ አይታይም።