ቡጂያ፣ ሴቭ፣ ሙሩኩ፦ የትኛው ፓኬት ዋጋውን ያወጣል?

ህንዶች ከሻይ ጋር የሚቆረጥሙትን ጨዋማ ጥብስ ሁሉ በአንድ ስም ናምኪን ይሉታል። መደርደሪያው ላይ ፓኬቱ በሙሉ ቀይና ቢጫ ስለሆነ ፊቱ ብዙ አይነግርም፤ ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ነው።

አንደኛ የምናወጣው የቢካኔር ቡጂያን ነው፤ ቡጂያ ቀጭን ክር የመሰለ ጥብስ ነው። ቢካኔር የራጃስታን በረሃማ ከተማ ናት። ቡጂያ እዚያ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1877፣ በማሃራጃ ዱንጋር ሲንግ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ከ2010 ወዲህ ስሙ በመልክዓ ምድራዊ መለያ የተጠበቀ ነው፤ ማለትም የአካባቢው አምራቾች ብቻ ናቸው የሚጠቀሙበት። ልዩነቱ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው፤ ሽምብራ ብቻውን ሳይሆን ሞት የሚባል ድርቅ ቻይ ጥራጥሬ ይገባበታል (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ቢከብድም እህሉ ደግ ነው)። ቶሎ መሰባበሩ፣ ከሽምብራ የሚለየው ጠለቅ ያለ ጣዕሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና ቅርንፉድ ከኋላ ይሰማሉ። ጀርባው ላይ ያለው የግብዓት ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ የሞት ዱቄት ከላይ ካልተገኘ፣ ወይም ስታርች ከቀደመው፣ ያ ፓኬት ሌላ ነገር ነው። አሉ ቡጂያ የሚለው የድንች ነው፤ ልጆች ይወዱታል፣ ጨውና ኮምጣጣነቱ ግን እህሉን ይሸፍነዋል።

የራትላም ሴቭ ከመካከለኛው ህንድ ግዛት ከማድያ ፕራዴሽ የሚመጣ፣ ክር መሰል ግን ወፈር ያለ የሽምብራ ጥብስ ነው። ቅርንፉዱና ቁንዶ በርበሬው ያቃጥላል፤ ብቻውን ከመብላት ይልቅ ምግብ ላይ ሲበተን ያምራል። ሙሩኩ የደቡብ ህንድ ታሚሎች የሩዝ ዱቄት ጥብስ ነው፤ ስሙም «የተጠማዘዘ» ማለት ነው። አራት እጅ የሩዝ ዱቄት ለአንድ እጅ ኡራድ (የማሾ ዘመድ ነው) የተለመደ ልክ ነው። ኡራዱ ሲያንስ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ለጾም የምትገዙ ከሆነ ሙሩኩ ላይ ተጠንቀቁ፤ በቅቤ የሚለወስ ዓይነት አለ። ስንዴ የማይስማማው ሰው ደግሞ ሂንግ የሚለውን ቃል ይፈልግ፤ ይህ የሙጫ ቅመም ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ነው የሚሸጠው።

ፓኬቱ ሲከፈት መጀመሪያ አሽትቱ። የቀለም ወይም የቆየ ዘይት ሽታ ካለው ዘይቱ ተበላሽቷል፤ ቅመም አያድነውም። ጥቂቱን ወረቀት ላይ አፍስሱት፤ ሰፊ የዘይት እድፍ ከተወ ያልጋለ ዘይት ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ከውጭ ጠቁሮ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ የሚታኘክ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏል። ከተከፈተ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ። በ100 ግራም ወደ 550–600 ኪሎ ካሎሪ ስላለው በፓኬት ሳይሆን በጭብጥ የሚበላ ነው።

ቤት መሥራት ለሚፈልግ ሴቭ ይቀላል። 250 ግራም የሽምብራ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ ይዘጋጅ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የጋለ ዘይት ዱቄቱ ላይ አፍስሱና አሹት፤ ውሃውን ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ የሚለጠፍ ይሁን። ሲደርቅ መጫኛው (ሊጡን በቀዳዳ ክር አድርጎ የሚያወጣው መሣሪያ) አይገፋውም፣ ሲቀጥን ዘይት ይጠጣል። በመጫኛው ወደ ጋለ ዘይት ተገፍቶ በመካከለኛ እሳት፣ አረፋው እስኪቀንስ ይጠበስ። የሽሮ ዱቄት አይተካውም፤ ሽሮ የተቆላ ስለሆነ አይያያዝም። ነጭ አዝሙዱም ደቆ ይግባ፤ ሙሉውን የጨመረ ሰው የመጫኛውን ቀዳዳዎች በመርፌ ሲጎረጉር ያመሻል።