የፒያሳው የግድግዳ ካርታ፦ የታይዋንን ጉዳይ ለማስተማር ይበቃል?

ጎንደር ፒያሳ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሚገኘው፣ ቻይና የታተመው የዓለም ካርታ ለክፍል ጌጥ ያምራል። ቻይና የራሴ ግዛት ናት በምትላት ደሴት በታይዋን ዙሪያ ያለውን ውጥረት ለማስረዳት ግን ብቻውን አይበቃም። ልኬቱ 1 ለ30 ሚሊዮን ስለሆነ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የታይዋን ሰርጥ (ደሴቲቱን ከቻይና የሚለየው ባሕር) 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ የመምህሩ ጣት ሲያርፍበት ይጠፋል። ከቻይናዋ ሺያሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በታይዋን ዋና ከተማ በታይፔ የምትተዳደረው የኪንመን ደሴትማ ጭራሽ የለችም። እሷ ሳትታይ ደግሞ ሁለቱ ምን ያህል አፍንጫ ለአፍንጫ እንደተፋጠጡ ተማሪ አይገባውም።

ታይዋንና ቻይና አንድ ቀለም መቀባታቸው የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ የቻይና ሕግ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እውቅና የሰጠችው ለቤጂንግ ነው። ሆኖም ደሴቲቱ ከ1949 ወዲህ የተለየ መንግሥትና ጦር አላት፤ ከ1996 ጀምሮ ፕሬዚዳንቷን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። ይህን መምህሩ በቃል መሙላት ግድ ይለዋል።

የሚሻለው የሰርጡን አካባቢ በ1 ለ2 ሚሊዮን ልኬት በኤ3 ወረቀት አሳትሞ ከጎኑ መለጠፍ ነው። ሰርጡ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ደሴቲቱም ሙሉ በሙሉ ትገባለች። ቻይና በኦገስት 2022 ለጦር ልምምድ ያወጀቻቸውን ስድስት ቀጠናዎች በቀይ እስክሪብቶ ክበቡ፤ ከበባ ምን እንደሚመስል ያኔ ይታያል።

ስትገዙ ታጥፎ ሳይሆን ተጠቅልሎ የመጣውን ምረጡ፤ የታጠፈው በእጥፋቱ በኩል ቶሎ ይቀደዳል።