ኢንኩቤተር ወይስ የእናት ደረት?

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ገላው ብዙ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበርደዋል። ማሞቅ ግድ ነው። ጥያቄው በምን የሚለው ነው።

ኢንኩቤተሩን፣ ሕፃናት የሚሞቁበትን ግልጽ ሳጥን፣ ሁሉም ያውቀዋል። ልጁ ራቁቱን ስለሚተኛ ነርሷ አተነፋፈሱንና የቆዳውን ቀለም በቀላሉ ታያለች። በጠና ለታመመ ልጅ የግድ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን መብራት ሲጠፋስ? ሁለት ሦስት ሕፃናት ሲጋሩትስ? ያኔ ኢንፌክሽን አብሮ ይገባል።

የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ልጁን ደረት ላይ ገላ ለገላ አቅፎ ማሞቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ቦጎታ ተጀመረ። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ይህን መላ የፈጠሩት ማሞቂያ ስላጠራቸው ነበር። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ ቀጥ ብሎ በእናቱ ጡቶች መካከል በጨርቅ ይታሰራል። አንገቱ እንዳይታጠፍ ነርሷ ደጋግማ ታያለች። ጡቱም እዚያው ነው። ደግሞ አባትም ይችላል፤ ደረት ደረት ነው!

ብዙዎች የድሃ አማራጭ ይመስላቸዋል። አይደለም። በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናትን ጤናቸው እስኪረጋጋ ሳይጠብቁ ወዲያው ገላ ለገላ ማቀፍ ሞትን በ25 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን አለ።

እኔ ካንጋሮውን አስቀድማለሁ። ግን አራስ እናት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ልጅ አቅፋ ልትውል አትችልም። አልጋ፣ ምግብና የሚተካት ሰው ያስፈልጋታል።